ምዕራፍ 7፦ የመዝገቡ ጉድለት

በጥቅምት 1992 ከሞስኮ በስተደቡብ በምትገኘው ፖዶልስክ ከተማ፣ ባቡር ጣቢያው ላይ፣ ፖሊሶች ጥቂት ሰዎችን ያዙ። የተፈለጉት በባትሪ ሌብነት ነው፤ ከሚሠሩበት ፋብሪካ ባትሪ እያወጡ ይሸጣሉ ተብለው ተጠርጥረዋል። አብሯቸው አንድ ጎረቤታቸው ነበረ። መሐንዲስ ነው፤ በባትሪው ነገር የለበትም። የያዘው ዕቃ ሲፈተሽ ግን ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ ከባድ መያዣ ተገኘ። ውስጡ አንድ ኪሎ ተኩል የሚሆን፣ እስከ 90 በመቶ የበለጸገ ዩራኒየም ነበር። ለአቶም ቦምብ የሚውለው ዓይነት ማለት ነው። (በዚህ ምዕራፍ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ሉች በሚባል የኒውክሌር ምርምር ተቋም ለብዙ ዓመታት አገልግሏል። ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች ገና ዓመት አልሞላትም፤ የሩብል ዋጋ ቁልቁል ይወርዳል፤ ደመወዝ ኪስ ሳይገባ ያልቃል። ከግንቦት መጨረሻ እስከ መስከረም መጀመሪያ ዩራኒየሙን በትንሽ ብልቃጥ፣ በአንድ ጊዜ ሃምሳ ስድሳ ግራም እየቆነጠረ፣ ከሃያ ጊዜ በላይ ወደ ቤቱ ወሰደ። ያጠራቀመውም በረንዳው ላይ ነው። በኋላ ለጋዜጠኞች ሲናገር ሐሳቡ ማቀዝቀዣና የጋዝ ምድጃ መግዛት፣ የተረፈውን ቤቱን ማደሻ ማድረግ እንደነበር ገልጿል። ገዢ አልነበረውም። በዚያ ቀን ወደ ሞስኮ ሊሳፈር የተነሣውም ገዢ ፍለጋ ነው።

ፖሊስ እስኪይዘው ድረስ ተቋሙ አንዲት ግራም እንደጠፋችበት አያውቅም ነበር። ምክንያቱን ንብረት ክፍል የሠራ አንባቢ ሳልጨርስለት ይገባዋል። ስኳር ከኩንታል ወደ ኪሎ ሲከፋፈል ይፈሳል። ጤፍ ሲበጠርና ሲነፋ ይቀንሳል። ስለዚህ መዝገብ የተወሰነ ብክነት ይፈቅዳል፤ ካልፈቀደ ግምጃ ቤት ሹም የሚሆን ሰው አይገኝም። በሉችም ደንቡ ተመሳሳይ ነበር። ከሚሠራው ቁስ እስከ 3 በመቶው በሥራ ላይ ቢባክን የሚጠየቅ የለም። መሐንዲሱ ጥንቁቅ ባለሙያ ስለነበር የሚያባክነው ከተፈቀደለት ያነሰ ነው። ልዩነቷን ለራሱ አስቀራት። በእኛ አገር አሠራር ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ቢመሳከሩ ሒሳቡ ቁልጭ ብሎ ይገጥማል። ኦዲተር ቢመጣ ፈርሞ ይሄዳል።

ኒውክሌር ሽብርተኝነት ሲባል ብዙዎቻችን ፊት የሚመጣው ፊልም ላይ ያየነው ሻንጣ ነው፤ ቀይ ቁጥር ወደ ታች ይቆጥራል፣ ጀግናው ሽቦ ሊቆርጥ ላቡን ይጠርጋል። ከዓመታት ንባብ በኋላ እኔ የደረስኩበት ቦታ ከዚያ በጣም የቀዘቀዘ ነው። አገር ከዚህ አደጋ የሚጠበቀው በቆጠራ፣ በጓጉንቸርና በሌሊት ዘበኛ ነው። ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ሽቦ የሚቆርጥ ጀግና ቢገኝ እንኳ ረፍዷል።

ለምን እንዲህ ሆነ? የአቶም ቦምብ ከሚጠይቃቸው ነገሮች ሁሉ አስቸጋሪው ቁሱ ስለሆነ ነው። ከመሬት የሚወጣ ዩራኒየም ውስጥ ለፍንዳታ የሚያገለግለው ዓይነት ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም፤ 0.7 በመቶ ገደማ ነው። እሱን ለይቶ ማከማቸት፣ ማለትም ማበልጸግ፣ ትልቅ ፋብሪካ፣ ብዙ ሺህ ማሽኖች፣ የመንግሥት በጀትና ዓመታት ይፈልጋል። ፓኪስታን በመንግሥት አቅሟ ዓመታት ፈጅቶባታል። ዋሻ ውስጥ የተሸሸገ ቡድን ፈጽሞ አይችለውም። ስለዚህ ለአሸባሪ ያለው መንገድ ሌላው የደከመበትን መስረቅ ወይም መግዛት ብቻ ነው። ሒሮሺማ ላይ የተጣለው ቦምብ 64 ኪሎ ግራም ያህል ዩራኒየም ነበረው፤ በትክክል የፈነዳው ከአንድ ኪሎ በታች ሲሆን ከተማዋን ያወደማት እሱ ነው።

ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ በቁጥጥር ሥራው 25 ኪሎ ግራም በከፍተኛ ደረጃ የበለጸገ ዩራኒየም ወይም 8 ኪሎ ግራም ፕሉቶኒየም ሲጎድል ደወል እንዲደወል መጠን አስቀምጧል። ዩራኒየም እጅግ ከባድ ብረት ነው፤ ከእርሳስ ማዕድን ይከብዳል። ያ 25 ኪሎ ቢቀልጥና ቢፈስ አንድ ሊትር ተኩል የሚይዘውን ሃይላንድ አይሞላም። በዓለም ላይ ያለው ክምችት ደግሞ ከ1,200 ቶን በላይ እንደሆነ ይገመታል፤ አብዛኛው በሩሲያና በአሜሪካ ወታደራዊ ግምጃ ቤቶች ነው። ከዚህ ባሕር ውስጥ አንዲት ሃይላንድ ብትጎድል ማን ያውቃል? ጥያቄው ይህ ነው።

ድንበር ላይ እናስቀረዋለን የሚል ካለ ደግሞ የጆርጂያን ታሪክ ይስማ። በ2006 መጀመሪያ ትብሊሲ ውስጥ አንድ ከሩሲያ የገባ ሰው 80 ግራም ያህል በከፍተኛ ደረጃ የበለጸገ ዩራኒየም ይዞ ተያዘ። ያመጣው በላስቲክ ጠቅልሎ በቆዳ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው። ያስያዘው የድንበር መሣሪያ ሳይሆን ገዢ መስሎ የቀረበው ፖሊስ ነበር። ዩራኒየም የሚያወጣው ጨረራ ደካማ ነው፤ የድንበር መፈተሻ ደጆች ሙዝ የጫነ መኪና ሲያልፍ ይጮኻሉ፣ ሙዝ ውስጥ በተፈጥሮ ጨረራ ያለው ፖታሲየም አለና። ዩራኒየሙን ግን በቀላሉ ያሳልፉታል። ደጆቹ አያስፈልጉም እያልኩ አይደለም። መጀመሪያ የሚታመኑት ግን እነሱ አይደሉም።

ይህን ቁስ የፈለገ አለ ወይ? አለ። በመጋቢት 1995 የቶኪዮን የምድር ውስጥ ባቡር በሳሪን ጋዝ ያጠቃው ኦም ሺንሪኪዮ የተባለው የጃፓን ቡድን ከዚያ በፊት ኒውክሌር ፈልጎ ነበር፤ በምዕራብ አውስትራሊያ ዩራኒየም ይወጣል በሚል የበግ እርባታ መሬት ገዝቷል። ገንዘብና ኬሚስት አላነሰውም። አልሆነለትምና ወደ ጋዝ ዞረ።

ሌላው ታሪክ የተፈጸመው እዚሁ ጎረቤታችን ነው። ኦሳማ ቢን ላደን ሱዳን ይኖር በነበረበት ጊዜ፣ 1993 መጨረሻ ወይም 1994 መጀመሪያ ላይ፣ የአልቃኢዳ ሰዎች ካርቱም ውስጥ አንድ የብረት ሲሊንደር ለመግዛት ተደራድረዋል። ሲሊንደሩ የደቡብ አፍሪካ ዩራኒየም ነው ተብሎ የቀረበ ሲሆን የተጠየቀበት ዋጋ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ይህን በ2001 ኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ቀርቦ የመሰከረው ከቡድኑ የከዳው ጀማል አል ፈድል ነው። ለድለላው 10 ሺህ ዶላር ተሰጥቶታል። ዕቃው እውነተኛ ይሁን የውሸት ግን እሱም አላወቀም፤ የሚያውቁ ሰዎች ማጭበርበር ነበር ብለው ያምናሉ። በዚህ ገበያ አጭበርባሪ ከነጋዴ ይበዛል። «ቀይ ሜርኩሪ» የሚባለውን የሌለ ነገር ስንቱ ገዝቶት ከስሯል! በ2009 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ አሮጌ የሲንጀር ስፌት መኪና ቀይ ሜርኩሪ አለው የሚል ወሬ ተነዝቶ የሴት አያቶች መኪና ዋጋው ሰማይ ነክቶ ነበር። እግዜር ይስጣቸው ልበል እንዴ አጭበርባሪዎቹን፤ የአሸባሪን ገንዘብ እንደ እነሱ ያባከነ የለም።

በዚህ ጉዳይ ምሁራኑም ለሁለት ይከፈላሉ። የሀርቫርዱ ግራሃም አሊሰን በ2004 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ነገሩ በያዘው መንገድ ከቀጠለ በሚቀጥሉት አሥር ዓመታት አሜሪካ ላይ የኒውክሌር ጥቃት መድረሱ ካለመድረሱ ይልቅ የቀረበ ነው ብለው ነበር። አሥሩ ዓመት አለፈ፤ ከዚያም በላይ አለፈ፤ አልደረሰም። ጆን ሙለር የተባሉት የፖለቲካ ሳይንቲስት ደግሞ ፍርሃቱ የተጋነነ ነው፣ ቦምብ መሥራት ለቡድን ዳገት ነው ይላሉ። እኔ በዕድሉ ትንሽነት ከሙለር ጋር እስማማለሁ። ይሁንና ዕድሉ ትንሽ የሆነው ቁሱ ስለተጠበቀ ነው። የተጠበቀበትን መንገድ ቀረብ ብለን ስናየው ደግሞ እንቅልፍ የሚሰጥ አይደለም።

ከፕሪቶሪያ በስተምዕራብ ፔሊንዳባ የሚባል ቦታ አለ። ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ዘመን ስድስት የአቶም ቦምቦች በድብቅ ሠርታ ነበር። በኋላ ራሷ ፈታታቻቸው፤ ፕሬዚዳንት ዴ ክለርክ ይህን ለፓርላማ የነገሩት በመጋቢት 1993 ነው። በገዛ እጁ የሠራውን የአቶም ቦምብ በገዛ ፈቃዱ የፈታ አገር ከእሷ ሌላ የለም። በቦምቦቹ ውስጥ የነበረው ዩራኒየም ግን አልጠፋም። ከዚያ የቀረው፣ 220 ኪሎ ግራም ገደማ እንደሆነ የሚገመት፣ ፔሊንዳባ ተቀምጧል። አፍሪካን ከኒውክሌር መሣሪያ ነጻ የሚያደርገው ስምምነት በዚህ ቦታ ስም ተሰይሟል። ጥንስሱ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1964 ካይሮ ላይ ያወጣው መግለጫ ነው፤ በ1996 እዚያው ካይሮ ለፊርማ ቀረበ፤ በ2009 ጸና፤ ኢትዮጵያም አባል ናት።

ኅዳር 8 ቀን 2007 ከእኩለ ሌሊት በኋላ ሁለት የታጠቁ ቡድኖች ከሁለት አቅጣጫ ወደ ፔሊንዳባ መጡ። አጥሩ 10 ሺህ ቮልት ኤሌክትሪክ ያለው ነው። በአንዱ በኩል አራት ሰዎች ኤሌክትሪኩን አጥፍተው ሽቦውን ቆርጠው ገቡ። እንዲህ ያለውን ሥራ መንገደኛ ሌባ አይሠራውም፤ የት እንደሚነካ የሚያውቅ ይፈልጋል። ካሜራው ቀርጿቸዋል፤ የሚመለከተው ሰው ግን ካሜራውን አላየም። በግቢው ውስጥ ተጉዘው የድንገተኛ አደጋ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ደረሱ። በዚያ ሌሊት ተረኛ የነበረችው ሴት እጮኛዋ አብሯት ነበር፤ እሱም የዚያው ባልደረባ ነው። ታገላቸው። ደረቱን በጥይት መቱት፤ ነፍሱ ተርፋለች። እሷ ስልክ ደውላ እርዳታ ጠራች። ሰዎቹ አንድ ኮምፒዩተር ይዘው ሲወጡ ነገሩ አልመች ሲላቸው ጥለውት፣ በገቡበት ቀዳዳ ወጡ። ግቢው ውስጥ 45 ደቂቃ ያህል ቆይተዋል። በሌላው አቅጣጫ የመጣው ቡድን ከጥበቃ ጋር ተታኩሶ ሸሸ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ከዚያ በኋላ ግርግሩ በዛ። አጥሩ ተጠናከረ፣ ጥበቃው ተቀየረ። የደቡብ አፍሪካ ባለሥልጣናት ነገሩ ተራ ዝርፊያ ነው አሉ። ሊሆን ይችላል። ዩራኒየሙ ያለበት ሕንጻ ድረስ አልሄዱምና። ነገር ግን ተራ ሌባ ኮምፒዩተር ለመስረቅ በአፍሪካ ውስጥ ከባዱን አጥር ለምን ይመርጣል?

«ድሃ አገር ስለሆነ ነው» የሚል አንባቢ እንዳይኖር ወደ አሜሪካ እንሻገር። በቴነሲ ግዛት ኦክ ሪጅ ውስጥ ዋይ-12 የሚባል ፋብሪካ አለ። የሒሮሺማው ዩራኒየም የተዘጋጀው እዚህ ነው። ዛሬ የአገሪቱ በከፍተኛ ደረጃ የበለጸገ ዩራኒየም ዋና ጎተራ እዚያ ቆሟል፤ ለግንባታው ከግማሽ ቢሊዮን ዶላር በላይ የፈሰሰበት፣ እንደ ቤተ መንግሥት ግንብ በየማዕዘኑ ማማ ያለው ነጭ ሕንጻ ነው። በሐምሌ 28 ቀን 2012 ገና ሳይነጋ ሦስት የሰላም ተሟጋቾች ኮረብታውን በጨለማ ወርደው፣ አጥር በሽቦ መቁረጫ እየቆረጡ፣ ወደዚህ ሕንጻ ግድግዳ ደረሱ። ከሦስቱ አንዷ ሲስተር ሜጋን ራይስ ይባላሉ፤ የካቶሊክ መነኩሲት ናቸው፤ ዕድሜያቸው 82 ነበር። ናይጄሪያና ጋና ውስጥ ለብዙ ዓመታት ልጆች ሲያስተምሩ ኖረዋል።

ግድግዳው ላይ በብልቃጥ ያመጡትን ደም ረጩ። መፈክር ጻፉ። የሕንጻውን ጥግ በመዶሻ ቀጠቀጡ። ከውስጥ ያለ ዘብ የመዶሻውን ድምፅ ሰምቶ የጥገና ሠራተኞች ናቸው ብሎ አለፈው። ደወሉ ጮኾ ነበር፤ ግን አውሬ ሲያልፍም ነፋስ ሲነፍስም የሚጮህ ደወል ስለሆነ ጆሮ የሚሰጠው አልነበረም። የሚያሳየው ካሜራ ደግሞ ከተበላሸ ሰንብቷል፤ ለጥገና ተራ ይጠብቃል። በመጨረሻ አንድ ጥበቃ በመኪና ሲመጣ ዳቦ አቀረቡለት፣ መዝሙር ዘመሩ።

ይህን ታሪክ ያነበብኩ ዕለት ስቄያለሁ፤ ሲያድር ግን ሳቁ ለቀቀኝ። መነኩሲቷ የያዙት ደምና ዳቦ ነው። ሌላ ሰው ሌላ ነገር ይዞ ሊመጣ ይችል ነበር። ሲስተር ሜጋን ሁለት ዓመት ታስረው በ2015 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የማበላሸት ወንጀሉን ሲሰርዝላቸው ተፈቱ፤ በ2021 አረፉ። እኔ ብሆን ኖሮ በነጻ ያማከሩ ባለሙያ ናቸው ብዬ ደመወዝ እቆርጥላቸው ነበር። አገር ስንት ሚሊዮን ከፍሎ በሚያስጠናው ጥናት የማያገኘውን እውነት በአንድ ሌሊት አሳይተዋል፦ ግንቡ ምንም ቢወፍር፣ የተበላሸ ካሜራና የታከተ ጆሮ ካለ ጎተራው ክፍት ነው።

ቀኑ ሁሉ እንዲህ የጨለመ አይደለም። ዋይ-12 በሌላ ታሪክም ይነሣል። ካዛኪስታን ነጻ ስትወጣ ኡስት ካሜኖጎርስክ በተባለች ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ሶቪየቶች ትተውት የሄዱት 600 ኪሎ ግራም ገደማ በከፍተኛ ደረጃ የበለጸገ ዩራኒየም ተገኘ። አሜሪካዊው ዲፕሎማት አንዲ ዌበር ሊያየው ሲሄድ በሩን የጠበቀው አንድ ደህና ጓጉንቸር ነበር። ከፕሬዚዳንት ናዛርባየቭ ጋር ስምምነት ተደርጎ በ1994 መኸር ሠላሳ የሚሆኑ አሜሪካውያን ባለሙያዎች በድብቅ ገብተው፣ ለሳምንታት ሲመዝኑና ሲያሽጉ ሰንብተው፣ በግዙፍ የጦር አውሮፕላኖች ጭነው ኦክ ሪጅ አስገቡት። ዓለም የሰማው ዕቃው ከደረሰ በኋላ ነው።

ወጪውን የሸፈነው ሳም ነንና ሪቻርድ ሉጋር የተባሉ፣ አንዱ ዲሞክራት አንዱ ሪፐብሊካን፣ ሁለት የአሜሪካ ሴናተሮች በ1991 ያስጸደቁት ሕግ ነበር። ትናንት ጠላት የነበረ አገር ግምጃ ቤት ላይ የራስን ገንዘብ አውጥቶ ቁልፍ መግጠም እብደት የመሰላቸው ነበሩ። ለምን እንዳስፈለገ የሙርማንስኩ ስርቆት ይናገራል። በኅዳር 1993 አንድ የሩሲያ የባሕር ኃይል መኮንን በአጥር ቀዳዳ ሾልኮ፣ ጓጉንቸር በመጋዝ ቆርጦ፣ የባሕር ሰርጓጅ መርከብ ነዳጅ አራት ኪሎ ተኩል ወሰደ። በኋላ መርማሪው የወታደር ዐቃቤ ሕግ፣ እዚያ አገር ድንች የተሻለ ጥበቃ ይደረግለታል እስከማለት ደርሷል። የእነ ነን ገንዘብ ለእነዚያ አጥሮች ነው የዋለው፤ ለሚዛን፣ ለካሜራ፣ ለመዝገብ፣ አንዳንዴም ለዘበኛው የክረምት ካፖርት። ከዚህ ጎን ለጎን ሩሲያ ከፈታችው የጦር መሣሪያ የወጣ 500 ቶን ዩራኒየም ተበርዞ ለአሜሪካ የኃይል ማመንጫዎች ተሸጧል። ስምምነቱ ከ1993 እስከ 2013 ሲሠራ በአሜሪካ ከሚበራው አሥር አምፖል አንዱ ያህል በዚህ ነዳጅ ይበራ ነበር። ዋሽንግተንም ሆነ አትላንታ የሚኖር ወገናችን በእነዚያ ዓመታት ቡናውን ሲያፈላ ለከተማው የታለመውን ቦምብ እያነደደ ሊሆን ይችላል።

ሕጉም አለ። የኒውክሌር ቁስ አካላዊ ጥበቃ ስምምነት አለ፤ በ2005 ተሻሽሎ በ2016 ሥራ ላይ ውሏል። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት በ2004 ያሳለፈው ውሳኔ 1540 አለ። ከ2010 እስከ 2016 መሪዎች አራት ጊዜ በዚሁ ጉዳይ ተሰብስበዋል። አስፈላጊ ናቸው፤ ይሁንና አንዳቸውም የተበላሸ ካሜራ አይጠግኑም።

አሁን ከቦምቡ እንውረድና ወደ እኛ ሰፈር እንቅረብ። ዩራኒየም የሌለው አገርም ሆስፒታል አለው። ካንሰር የሚታከምበት ኮባልት፣ ለሕክምናና ለኢንዱስትሪ የሚውል ሴዚየም በብዙ አገር ይገኛል። እነዚህ የአቶም ቦምብ አይሆኑም። በተራ ፈንጂ ሊበተኑ ግን ይችላሉ፤ «ቆሻሻ ቦምብ» የሚባለው ይህ ነው። በ1995 የቼቼን ተዋጊዎች ሴዚየም ያለበት ጥቅል ሞስኮ ውስጥ ኢዝማይሎቮ መናፈሻ ቀብረው ለቴሌቪዥን ጋዜጠኞች ጠቁመዋል። አላፈነዱትም፤ መልእክቱ ደርሷል። ቢበተን ምን እንደሚመስል ደግሞ ብራዚል ያለ ምንም ክፉ ሐሳብ አይታዋለች።

በጎያኒያ ከተማ አንድ የካንሰር ሕክምና ተቋም በ1985 መጨረሻ ቤት ሲቀይር አንዱን ማሽን አሮጌው ሕንጻ ውስጥ ትቶት ሄደ። ሕንጻው በከፊል ፈረሰ። በመስከረም 1987 ሁለት ሰዎች ገብተው የማሽኑን ጭንቅላት ፈተው በእጅ ጋሪ ወሰዱት። በእኛ ከተማ ማለዳ በየበሩ «ቁራሌው!» እያለ የሚዞረውን ልጅ አስቡት፤ እነሱም እንደዚያ ናቸው፤ ብረት ነው የፈለጉት። ቤት ወስደው ሲቀጠቅጡት ማስታወክ ጀመራቸው፤ ምግብ ነው ብለው አለፉት። ከቀናት በኋላ ለአሮጌ ብረት ነጋዴ ሸጡት። ምናለሽ ተራ እንደሚሸጠው ማለት ነው።

ነጋዴው በዚያ ምሽት ዕቃው ከተቀመጠበት ክፍል ሰማያዊ ብርሃን ሲወጣ አየ። ደስ አለው። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። ጎረቤት ጠራ፣ ዘመድ ጠራ። ከውስጡ የሩዝ ፍሬ የሚያህል እየቆረሰ አደላቸው። አንዳንዱ እንደ ጌጥ ገላው ላይ ቀባው። ወንድሙ ወደ ቤቱ ወሰደ፤ የስድስት ዓመት ሴት ልጁ በዚያ የሚያበራ ዱቄት ስትጫወት እጇን ሳትታጠብ ራቷን በላች።

ቤተሰቡ አንድ በአንድ ሲታመም ነገሩን የጠረጠረችው የነጋዴው ሚስት ናት። ሐኪም አልነገራትም፤ በራሷ ልብ ብላ ይህ ዕቃ ከመጣ ወዲህ ነው አለች። መስከረም 28 ቀን የቀረውን ቁርጥራጭ በፌስታል አስይዛ፣ በአውቶቡስ ተሳፍራ፣ ወደ ከተማው ጤና ቢሮ ወሰደችው። በማግሥቱ አንድ የፊዚክስ ባለሙያ መለኪያ ተውሶ ወደዚያ ሲሄድ፣ ገና ከሩቅ መርፌው እስከ መጨረሻው ተወረወረ። መሣሪያው ተበላሽቷል ብሎ ተመልሶ ሌላ አመጣ። ሌላውም እንዲሁ ሆነ። እሱ ሲደርስ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ዕቃውን ወስደው ወንዝ ውስጥ ሊጥሉት እየተሰናዱ ነበር። ለጥቂት አስጣላቸው።

አራት ሰው ሞተ፤ ሚስትየውና ሕፃኗም ከአራቱ ናቸው። ሕፃኗ በእርሳስ በተለበጠ ሣጥን ስትቀበር ሰዉ መሬታችን ይመረዛል ብሎ ቀብሩን በድንጋይ ሊያስቀር ሞከረ። ከ112 ሺህ በላይ ሰው በስታዲየም ተሰልፎ ተመረመረ፤ 249ኙ ላይ ብክለት ተገኘ። ቤቶች ፈረሱ፣ አፈር ተጋዘ፤ የተሰበሰበው ቆሻሻ 3,500 ሜትር ኩብ ሆነ። ይህን ሁሉ ያደረገው የሴዚየም ዱቄት ክብደቱ 93 ግራም ነው፤ አንድ የቡና ስኒ አይሞላም። ያም ማንም ሳያስበው ነው። አስቦ የሚያደርግ ቢኖር የሚገድለው ሰው ከተራ ፈንጂ ብዙም ላይበልጥ ይችላል፤ የሚያሸብረው ግን ከተማውን ሙሉ ነው።

እንዲህ ያለ ዕቃ የሚጠፋው አዲስ ሳለ አይደለም። ኮባልት በየአምስት ዓመቱ ገደማ ጉልበቱ በግማሽ ይቀንሳል። ለሕክምና ሲደክም አዲስ ይመጣል፤ አሮጌው ጥግ ይያዛል። ለሕክምና ደከመ እንጂ ለመግደል አልደከመም። ኃላፊው ይቀየራል፣ መጋዘኑ ይቀየራል፣ ርክክብ ሲደረግ «አሮጌ ማሽን 1» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ቁራሌው ይመጣል። ሜክሲኮ ውስጥ በታኅሣሥ 2013 ሌቦች የጭነት መኪና ሲሰርቁ ከላዩ ያለው ከሆስፒታል የተነሣ ኮባልት መሆኑን አላወቁም፤ የፈለጉት መኪናውን ነበር።

ለዚህ ነው ኖርዌይና ፈረንሳይ በሴዚየም የሚሠሩ የደም ማከሚያ ማሽኖቻቸውን ጨረራ በኤሌክትሪክ በሚያመነጩ ማሽኖች የተኩት። ማብሪያው ሲጠፋ ጨረራው ይጠፋል፤ ሌባ ቢወስደው ብረት ብቻ ነው። ከሁሉም ዘዴ እኔን የሚያረካኝ ይህ ነው፤ ሊሰረቅ የሚችል ነገር ከሌለ ዘበኛው ቢተኛም ጉዳት የለም።

እኛም ዳር ቆመን የምናይ አይደለንም። ኢትዮጵያ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲው አባል የሆነችው ኤጀንሲው በተመሠረተበት በ1957 ነው። ቃሊቲ ውስጥ የገንዲ በሽታ የሚያስተላልፈውን የቆላ ዝንብ የሚያራባ ማዕከል አለ፤ ወንዶቹ በጨረራ መክነው በስምጥ ሸለቆው እንዲለቀቁ የተቋቋመ ነው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የኮባልት ሕክምና ለአገሩ ሁሉ ብቸኛ ሆኖ ዓመታት ሠርቷል። ከብቱንም ሰውንም ያዳነው ያው ጨረራ ነው፤ ከእሱ መሸሽ ሞኝነት ነው። ስለዚህ ሆስፒታል፣ ፋብሪካ ወይም ዩኒቨርሲቲ ንብረት ክፍል የምትሠሩ አንባቢዎቼ፣ በሚቀጥለው ቆጠራ ጥግ የተያዘውን አሮጌ ማሽን ስሙን አጣርታችሁ ጻፉት።

ቁራሌውም ሆነ ብረት ነጋዴው ይህን ይወቅ፦ ቢጫ መደብ ላይ እንደ ማራገቢያ ሦስት ጥቁር ክንፍ ያለው ምልክት፣ ወይም በቀይ ሦስት ማዕዘን ውስጥ የራስ ቅልና የሚሮጥ ሰው ያለበት ምልክት የተለጠፈበት ዕቃ፣ መጠኑ ትንሽ ሆኖ ክብደቱ ከባድ የሆነ ብረትም ቢያገኝ፣ አይቀጥቅጠው፣ አይክፈተው፣ ቤቱ አያስገባው። ራቅ ብሎ ሰው ያርቅ፤ ለፖሊስ ይንገር።